ማነቆው የት ነው? አዲስ ራውተር ተገዝቶ ዋይፋዩ ሲያዘግም

የቤታችንን አሮጌ ራውተር በዋይፋይ 7 ራውተር (ቁጥሩ የዋይፋይን ትውልድ ያመለክታል፤ ከፍ ሲል አዲስ ነው) ከተካሁ በኋላ ያገኘሁት ፍጥነት ከቀድሞው የማይሻል፣ በመኝታ ክፍሉ በኩል ደግሞ የባሰ ነበር። የተመዘገብኩበት አገልግሎት 500 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ራውተሩ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ላፕቶፕ ግን ከ80 ሜጋቢት ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ቪዲዮ እያቆራረጠ ያስቸግር ነበር። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ቻናል (ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሬዲዮ መስመር) መቀየር፣ የሲግናል ማራዘሚያ መግዛት፣ ፈርምዌር (የራውተሩን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማዘመን የሚሉት የተለመዱ ምክሮች እያንዳንዳቸው ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አላቸው። ችግሩ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ሳይለዩ በተራ የሚሞክሯቸው ከሆነ ግን ጊዜ ይፈጃሉ። ከዚያም በላይ፣ በእኔ ቤት እንደነበረው ሁለት ማነቆዎች ተደራርበው ሲገኙ፣ አንዱን ያስተካከለ ሰው «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ትክክለኛውን መፍትሔ መልሶ ሊያፈርሰው ይችላል።

ስለዚህ ነገሩን የያዝኩት መንገዱን ለሦስት በመክፈል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከአገልግሎት አቅራቢው እስከ ራውተሩ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ መሣሪያው የሚዘልቀው የአየር ላይ መንገድ ነው፤ ሦስተኛው መሣሪያው ራሱ፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱ፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም (ድራይቨሩ) እና በላዩ ላይ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። በድረ ገጽ ላይ የሚደረገው የፍጥነት መለኪያ ሦስቱንም በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ስለሚያሳይ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ማለቱን እንጂ የት ላይ ዝቅ እንዳለ አይናገርም። መለኪያውን ከመጠቀም በፊት ቪፒኤን መዝጋት፣ በጀርባ የሚወርዱ ማሻሻያዎችን ማስቆም፣ ሌሎቹን የቤቱን መሣሪያዎች ለጥቂት ደቂቃ ከዋይፋይ ማላቀቅ ያስፈልጋል። እንዲሁም ፋይል የሚያወርዱ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት በሜጋባይት ሲሆን አገልግሎቱ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 60 ሜጋባይት በሰከንድ የሚያወርድ ኮምፒውተር 480 ሜጋቢት እያገኘ ነው ማለት ነው፤ ምንም ችግር የለበትም።

የመጀመሪያውን ክፍል ለመለየት ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ለካሁ። ውጤቱ 94 ሜጋቢት በሰከንድ ሆነ። ከኔትወርክ ጋር የሚውል ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ወዲያው የሚጠረጥረው ነገር አለ፤ የ100 ሜጋቢት ኤተርኔት መስመር በውስጡ የሚያልፉት የቁጥጥር መረጃዎች ተቀንሰው ለተጠቃሚው የሚያደርሰው በግምት 94 ያህል ነው፤ የአንድ ጊጋቢት መስመር ደግሞ በግምት 940 ያደርሳል። ስለዚህ መለኪያው በተደጋጋሚ 94 ላይ ሲቆም፣ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ማገናኛ በጊጋቢት ፈንታ በ100 ለመሥራት ተስማምቷል ማለት ነው። በራውተሩ የአስተዳደር ገጽ ላይ የመግቢያ ፖርቱን (የኢንተርኔቱ ኬብል የሚሰካበትን ቀዳዳ) ሁኔታ ስመለከት በእርግጥም «100 ሜጋቢት» የሚል ተጽፎ ነበር።

ምክንያቱ በኬብሉ ውስጥ ነው። የኔትወርክ ኬብል በአራት ጥንድ የተጠማዘዙ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ የጊጋቢት ግንኙነት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ግን ሁለት ጥንድ ብቻ ይበቃዋል። ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንዲት ሽቦ ብትላቀቅ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ሁለቱ ጫፎች በዝምታ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራቱም ይበራል፤ ለዚህም ነው ኬብልን ማንም የማይጠረጥረው። የአገልግሎት አቅራቢውን መስመር የሚቀበለውን ሞደም ከራውተሩ የሚያገናኘውን ኬብል ነቅዬ ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጌ ስመለከተው፣ ግልጽ በሆነው ፕላስቲክ ውስጥ ከስምንቱ ሽቦዎች ሰባቱ እስከ መጨረሻው ደርሰው ከመዳብ ጥርሶቹ ሥር ገብተዋል፤ ቡናማዋ ሽቦ ግን ከጥርሷ በታች አጥራ ቀርታለች። በላዩ ላይ «ካት 5ኢ» ተብሎ የታተመ ኬብል ስለሆነ ዓይነቱ ችግር አልነበረበትም፤ ካት 5ኢ በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ጊጋቢትን፣ 2.5 ጊጋቢትንም ጭምር ይሸከማል። የተበላሸው የጫፉ አሠራር ነበር። በፋብሪካ ጫፉ በተሠራ አጭር ኬብል ስተካው፣ በኬብል የለካሁት ፍጥነት ወደ 480 ወጣ።

በዋይፋይ ግን ላፕቶፑ አሁንም 80 አካባቢ ነበር። ኬብሉ የጣለው ጣሪያና ዋይፋዩ ላይ ያለው ጣሪያ በአጋጣሚ ተቀራራቢ ስለነበሩ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ቆይቷል። የኬብል ልኬት ባይኖር ኖሮ አዲሱን ኬብል ጥቅም የሌለው ነገር አድርጌ በቆጠርኩት ነበር።

ወደ አየሩ ስንመጣ፣ ከማንኛውም የድረ ገጽ መለኪያ በፊት መታየት ያለበት መሣሪያው ከራውተሩ ጋር የተስማማበት ፍጥነት፣ በተለምዶ «ሊንክ ስፒድ» የሚባለው ነው። በዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩን ንብረቶች በቅንብሮች ውስጥ ሲከፍቱ ከባንዱ (ዋይፋዩ ከሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ ለምሳሌ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ)፣ ከቻናሉና ከዋይፋዩ ትውልድ ጋር ተዘርዝሮ ይገኛል፤ በማክ ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ተጭኖ የዋይፋይ ምልክቱን መንካት ይበቃል፤ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች በኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ አለ። አይፎን ይህን በራሱ ስለማያሳይ፣ በራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ማየት ይሻላል። ይህ ቁጥር አየር ላይ የሚቻለው ከፍተኛ መጠን እንጂ በተግባር የሚገኘው አይደለም፤ አየሩን ሁሉም መሣሪያ በተራ ስለሚጠቀምበትና የማረጋገጫ መልእክቶችም ጊዜ ስለሚወስዱ፣ በጥሩ ሁኔታ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቢገኝ መልካም ነው።

የእኔ ላፕቶፕ የሚያሳየው 144 ሜጋቢት ነበር፤ ባንዱም 2.4 ጊጋኸርዝ። ባለ ሁለት አንቴና ካርድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ፣ በ20 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት፣ በዋይፋይ 4 አሠራር የሚደርስበት ጣሪያ 144 ነው፤ ከዚህ ላይ 80 ማግኘት ተፈጥሯዊ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ዋይፋዩ ለምን ቀርፋፋ ሆነ» ከሚለው ወደ «ላፕቶፑ ራውተሩ አጠገብ ሆኖ ሳለ 5 ጊጋኸርዝን ትቶ ለምን 2.4 ላይ ተቀመጠ» ወደሚለው ጠበበ፤ ለዚህኛው ጥያቄ ደግሞ መልስ መፈለግ ይቻላል።

መልሱ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከራዳር ነው። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 5 ጊጋኸርዝ ባንዱ በ160 ሜጋኸርዝ ስፋት እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በዚህ ባንድ ላይ 160 ሜጋኸርዝ የሚሆን ተከታታይ ቦታ ሲፈለግ፣ ለምሳሌ ከቻናል 36 እስከ 64 ያለው ሲያዝ፣ የላይኛው ግማሽ ማለትም ከ52 እስከ 64 ያለው ከራዳሮች ጋር የሚጋሩት ክልል ይሆናል። ሕጉ በብዙ አገሮች ራውተሩ በዚያ ክልል ከማሰራጨቱ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ ያስገድደዋል፤ የአየር ሁኔታ ራዳሮች በሚጠቀሙባቸው ቻናሎች ላይ ማዳመጡ በአውሮፓ ደንብ 10 ደቂቃ ይደርሳል፤ በሥራ መካከል ራዳር ከሰማ ደግሞ ወዲያው ቻናሉን ለቆ ለ30 ደቂቃ እንዳይመለስበት ይከለከላል። ራውተሩ ዳግም በተነሣ ቁጥር 2.4 ጊጋኸርዝ ወዲያው ይበራል፤ 5 ጊጋኸርዝ ግን እያዳመጠ ዝም ይላል፤ በዚህ መሃል ላፕቶፑ ያገኘውን ይይዛል። የትኛውን ባንድ ልያዝ፣ መቼስ ልልቀቅ የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው መሣሪያው እንጂ ራውተሩ ስላልሆነ፣ ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ እስከታየው ድረስ የያዘውን ሳይለቅ ሊውል ይችላል። «አጥፍተው ያብሩት» የሚለው ምክር በእኔ ቤት ችግሩን የሚያድሰው ለዚህ ነበር።

ይህን ያረጋገጥኩት ባንዶቹን ለጊዜው በተለያየ ስም በመለየት ነው። ዘመናዊ ራውተሮች ሁሉንም ባንድ በአንድ ስም ያቀርባሉ፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይህ ምቹ ነው፤ ለምርመራ ግን ዓይንን ይጋርዳል። ላፕቶፑን 5 ጊጋኸርዝ ብቻ ካለው ስም ጋር ሳገናኘው ሊንክ ስፒዱ 866 ሆነ፤ ልኬቱም ወደ 450 ወጣ። ከዚያ የ5 ጊጋኸርዝ ስፋቱን ወደ 80 ሜጋኸርዝ፣ ቻናሉን ወደ 36 ቀየርኩ፤ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች የራዳር ማዳመጥ ግዴታ ስለሌለባቸው ራውተሩ ሲነሣ ሁለቱም ባንዶች አብረው ይነሣሉ። ስሞቹን መልሼ አንድ ካደረግኩ በኋላም ላፕቶፑ 5 ጊጋኸርዝን እየመረጠ ቆይቷል። የዋይፋይ 7 መሣሪያ ያለው ሰው በተለይ ስሞቹን ከምርመራው በኋላ መልሶ ማዋሐድ ይኖርበታል፤ ሁለት ባንዶችን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አዲሱ አሠራር የሚሠራው ባንዶቹ በአንድ ስም ሥር ሲሆኑ ነውና።

ስለ 160 ሜጋኸርዝ ያለኝን አስተያየት ልጨምር፤ ራውተሮች የሚሸጡት በዚህ ቁጥር ስለሆነ ብዙ ሰው መቀነሱን እንደ ኪሳራ ያየዋል። ባለ ሁለት አንቴና የዋይፋይ 6 መሣሪያ በ80 ሜጋኸርዝ 1201፣ በ160 ደግሞ 2402 ሜጋቢት ሊንክ ስፒድ ይደርሳል፤ ዋይፋይ 7 በ6 ጊጋኸርዝ ባንድ በ320 ሜጋኸርዝ ስፋት ወደ 5764 ይወስደዋል። በካርቶኑ ላይ የሚታየው ግዙፍ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ባንዶች ጣሪያ ተደምሮ የተጻፈ ነው፤ አንድ መሣሪያ ብቻውን አያገኘውም። ስፋት በእጥፍ ሲጨምር ተቀባዩ የሚሰማው ጫጫታም በእጥፍ፣ ማለትም በ3 ዲሲቤል ስለሚጨምር ሰፊው ቻናል በርቀት ቶሎ ይደክማል። የዋይፋይ 7 መለያ የሆነው፣ በአንድ ምልክት ላይ ብዙ ቢት የሚጭነው ጥቅጥቅ ያለ አሠራርም የሚሠራው ራውተሩ አጠገብ ባለ ንጹሕ ሲግናል ብቻ ነው። አገልግሎቱ 500 ሜጋቢት ለሆነ ቤት የ80 ሜጋኸርዝ ቻናል ከበቂ በላይ ነው፤ 160ን የምመክረው በቤት ውስጥ ካለ የፋይል ማከማቻ ትልልቅ ፋይል ለሚያመላልስ ወይም ከጊጋቢት በላይ አገልግሎት ላለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ክፍል፣ መሣሪያው፣ በላፕቶፑ ላይ ብዙ አላስቸገረኝም፤ ካርዱ ዋይፋይ 5 ስለሆነ በ80 ሜጋኸርዝ ከ866 በላይ አይወጣም፤ የትኛውም ራውተር ይህን አይለውጠውም። አዲስ ትውልድ ራውተር የሚሰጠው አዲስ ነገር ሁሉ የሚገኘው በሁለቱም ጫፍ ሲኖር ነው። 6 ጊጋኸርዝ ባንድን ለመጠቀም በዊንዶውስ በኩል ዊንዶውስ 11 ያስፈልጋል፤ ባንዱም ደብሊውፒኤ3 ከተባለው አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ውጪ አይከፈትም፤ ስለዚህ የ6 ጊጋኸርዙ ስም ለአንዳንድ መሣሪያዎች ጭራሽ ባይታይ ራውተሩ ተበላሸ ብሎ መደምደም አይገባም። የካርዱን ድራይቨር ከአምራቹ ማዘመን ግን ለሁሉም ይጠቅማል፤ ቀደም ብለው የወጡ አንዳንድ ድራይቨሮች የዋይፋይ 6 ኔትወርክን ስም እንኳ ማየት ያቅታቸው ነበር። በባትሪ ሲሠራ ብቻ የሚያዘግም ላፕቶፕ ካለ፣ የዋይፋይ ካርዱ የኃይል ቁጠባ ቅንብር መጀመሪያ ይታይ።

የጥበቃ ቅንብርም ፍጥነትን ይነካል። ለአሮጌ ፕሪንተር ሲባል ራውተሩ ቲኪፕ በተባለው አሮጌ ምስጠራ እንዲሠራ ከተደረገ ከዋይፋይ 4 ጀምሮ ያሉት ከፍተኛ ፍጥነቶች ስለማይፈቀዱ ግንኙነቱ 54 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ደብሊውፒኤ2 ኤኢኤስ ከተባለው አዲሱ ምስጠራ ጋር፣ ወይም የደብሊውፒኤ2ና የደብሊውፒኤ3 ቅይጥ መምረጥ ይበቃል፤ ይህንንም የማይችል አሮጌ መሣሪያ ለእንግዳ በሚከፈተው ኔትወርክ ላይ ለብቻው ቢቀመጥ ይሻላል።

የመኝታ ክፍሉ ነገር ሌላ ነበር። እዚያ ስልኩ የሚያሳየው የሲግናል ጥንካሬ ከዜሮ በታች 76 ዲቢኤም ነበር። ይህ መለኪያ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል፤ ከዜሮ በታች 50 አካባቢ በጣም ጥሩ፣ እስከ 67 ድረስ ለቪዲዮ የሚበቃ፣ ከ75 በታች የወረደ ደካማ ነው። ልዩነቱ ግን በተራ መቀነስ አይለካም፤ 3 ዲሲቤል ሲቀነስ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ይወርዳል፤ 10 ሲቀነስ አንድ አሥረኛ ይቀራል። ራውተሩ የተቀመጠው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ የብረት መደርደሪያ ባለው ዝግ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ከዚያ አውጥቼ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሳስቀምጠው ንባቡ ወደ 62 ተሻሻለ። የ14 ዲሲቤል ልዩነት ማለት ለስልኩ የሚደርሰው ኃይል ከ20 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚጨምር ቅንብር በራውተሩ ገጽ ላይ አይገኝም። ብረት፣ መስተዋት፣ የኮንክሪት ግድግዳና ውሃ የያዘ ዕቃ ሲግናልን በጣም ያዳክማሉ፤ ባንዱ ከፍ ባለ ቁጥርም ግድግዳን ማለፍ ይከብደዋል፤ 6 ጊጋኸርዝ ከ5፣ 5ም ከ2.4 ያነሰ ይዘልቃል።

እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ ነገርም ተገኘ። በራውተሩ የዩኤስቢ 3 ማስገቢያ ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ዲስኩ በሚሠራበት ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ይቆራረጣሉ፤ ሲነቀል ይረጋጋሉ። ዩኤስቢ 3 በሚሠራበት ፍጥነት የሚያመነጨው ጫጫታ ያንን ባንድ ጭምር ስለሚሸፍን ነው። በደንብ የተሸፈነ አጭር ኬብል መጠቀምና ዲስኩን ከአንቴናዎቹ ማራቅ መፍትሔ ሆነ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ጎረቤቶች በበዙበት ሕንፃ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ አስቀምጦ ከሦስቱ አንዱን መያዝ ጥሩ ነው።

የሲግናል ማራዘሚያ ግዙ የሚለውን ምክር አልተከተልኩትም። ከራውተሩ የተቀበለውን በዚያው ቻናል መልሶ የሚያሰራጭ ማራዘሚያ አንዱን መረጃ አየር ላይ ሁለቴ ስለሚያስኬደው ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቤቱ ሰፊ ሆኖ ራውተሩን ማዛወር ካልበቃ፣ በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ የተሻለ ነው።

አየሩን ከኢንተርኔቱ ፈጽሞ ለይቶ ማየት የሚፈልግ ሰው አይፐርፍ 3 የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ጭኖ፣ አንዱን በኬብል ሌላውን በዋይፋይ አገናኝቶ፣ በመካከላቸው ብቻ መለካት ይችላል። እኔም የመጨረሻውን ማረጋገጫ ያደረግኩት በዚህ ነው፤ በቤት ውስጥ 550 እያገኘ ከኢንተርኔት 200 የሚያመጣ ላፕቶፕ ካለ ጥፋቱ ከዋይፋዩ አይደለም። በራውተሩ ላይ ለመሣሪያዎች ቅድሚያ የሚሰጠው ኪውኦኤስ የሚባለው አገልግሎት ከበራ ደግሞ የተሞላለት የፍጥነት መጠን ይታይ፤ ኬብሉ በ100 ይሠራ በነበረበት ጊዜ በራሱ ለክቶ የያዘው ቁጥር ካለ፣ ኬብሉ ከተቀየረ በኋላም ያንኑ ጣሪያ ይዞ ይቀጥላል።

በኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ላይ፣ በቀንም በማታም ተለክቶ ፍጥነቱ ከተከፈለበት በጣም ካነሰ ነገሩ የአገልግሎት አቅራቢው ነው። ሲደወልም ልኬቱ በኬብል መደረጉን፣ ሰዓቱን፣ እንዲሁም የሞደሙና የራውተሩ ፖርቶች በጊጋቢት መገናኘታቸውን አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ራውተሩን በማጥፋትና በማብራት ያልፋል።